ወንድሜን ያዙብን፤ «ሰኞ ኑ» ተባልን። 48 ሰዓቱስ?

የእሪ በከንቱ ልጅ
ዓርብ ጠዋት 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፍለጋ ነው የመጣሁት። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ መልሱልኝ።

ትናንት ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜ ፒያሳ ተያዘ። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ሊያሠራ የሰጠውን ሞባይል ሊቀበል ነበር የሄደው። ስልኩን ሲያየው ስክሪኑ ተሰንጥቋል። «እንደዚህ አልሰጠሁህም»፣ «እንደዚህ ነው የሰጠኸኝ» ተባባሉ። ከዚያ ግፊያ መጣ። የሱቁ ልጅ ወደቀና ቅንድቡ ተፈነከተ። አብሮት የነበረው ጓደኛው እንደነገረን መጀመሪያ አንገት ያነቀው የሱቁ ልጅ ነው። ግን ጓደኛው ስለሆነ ማን ያምነዋል? ፖሊስ መጥቶ ወንድሜን ብቻ ይዞ ሄደ።

ከእማዬ ጋር እራት ይዘን ጣቢያ ሄድን። ምግቡን ተቀበሉን። እሱን ግን አላሳዩንም። ተረኛው «መርማሪው ወጥቷል፣ ሰኞ ኑ» አለን። «ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም እኮ» ስለው «እሱን ለፍርድ ቤት ንገሪ» ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

ሁለት ነገር ጨንቆኛል። 48 ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ቅዳሜና እሁድ ይቀነሳል ወይ? ሁለተኛው የምስክር ነገር ነው። አጠገቡ ያሉ ሱቆች በሙሉ አይተዋል። ዛሬ ጠዋት ስጠይቃቸው ግን «ሥራ ላይ ነበርን፣ ምንም አላየንም» አሉኝ። አንዷ ልጅ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው የመለሰችልኝ። እማዬ ደግሞ «ነገር አታብዢ፣ ዝም በይ፣ ይፈቱታል» ትላለች። ዝም ልበል?


ልደታ በር
ዓርብ ጠዋት 4:15

አይዞሽ እህቴ። ጠበቃ ነኝ። መዝገቡን ስላላየሁ ስለ ወንድምሽ ጉዳይ ውጤት አልናገርም። ስለ ሰዓቱ ግን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ።

48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውዬው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ነው። መርማሪ ከተመደበለት ወይም ቃሉን ከሰጠበት ሰዓት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ሰው ትርጉም አለው። ከፒያሳ አራዳ ምድብ ችሎት ለሚቀርብ ሰው ግን መንገድ ሰበብ አይሆንም። ቅዳሜና እሁድ ይቀነሳል የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። ስለዚህ የወንድምሽ ጊዜ የሚያበቃው ነገ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ነው። «ሰኞ ኑ» ማለት ከሕጉ ውጭ ነው።

ዝም አትበዪ። ግን አትጩሂም። ዛሬውኑ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ። ለጣቢያው ኃላፊ ይሁን። ወንድምሽ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት የት እንደተያዘ፣ 48 ሰዓቱ መቼ እንደሚሞላ ጻፊ። በዋስ እንዲለቀቅ ጠይቂ። ይህን ጣቢያው ራሱ ማድረግ ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28 ወንጀሉ በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ካልሆነ መርማሪው በዋስ ሊለቅ እንደሚችል ይናገራል። ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው በቀላል እስራት ነው። ሁለት ኮፒ ያዢ። አንዱን አስገቢ፣ ሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርምልሽ። አልፈርምም ካለ የገባበትን ሰዓት ራስሽ ጻፊበት፣ አብሮሽ ያለው ሰውም ይፈርምበት።

ወንድምሽን የማየት መብት አላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ዕድል ይሰጠዋል ይላል። ስታገኚው ሁለት ነገር ብቻ ንገሪው። ዝም የማለት መብት አለው። ቃሉን አንብቦ ሳይጨርስ አይፈርም፤ የማያምንበትንም አይፈርም።

ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ካለፈ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ሥርዓቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አለ። ከቃለ መሐላ ጋር ነው የሚገባው። እሱ መፈረም ካልቻለ ያልቻለበትን ምክንያት ገልጻችሁ እናንተ ማቅረብ ትችላላችሁ። ፍርድ ቤቱ ያሰረው አካል ሰውዬውን ይዞ እንዲቀርብና በምን ሕግ እንደያዘው እንዲያስረዳ ያዛል።


ሜክሲኮ አደባባይ
ዓርብ ጠዋት 4:50

ጠበቃው የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። ወረቀት ላይ። እኔ ግን ይህችን ልጅ በተስፋ ብቻ ልንልካት አይገባም እላለሁ።

የአክስቴ ልጅ ተይዞ ነበር። 48 ሰዓቱ ሳይሞላ አቀረቡት፣ እውነት ነው። ከዚያ ፖሊስ ለምርመራ 14 ቀን ጠየቀ፣ ተሰጠው። ሲያልቅ ሌላ 14 ቀን ጠየቀ፣ ተሰጠው። «ምስክር ቃል እየተቀበልን ነው»፣ «የሐኪም ማስረጃ አልመጣም»፣ «ግብረ አበር እየፈለግን ነው»። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር። በመጨረሻ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። ሥራውን አጥቷል። ቤት ኪራይ ተጠራቅሞበታል። ማን ካሰው?

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅስ? በ2009፣ በ2010፣ በ2014፣ በ2015 አይተናል። ያኔ 48 ሰዓት ማለት ምን ማለት ነበር? እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሕዝብ ነን። አንቀጽ መቁጠር ለጠበቃ ጥሩ ነው። ለእናት ግን ልጇ ቤት መግባቱ ነው ቁም ነገሩ።


አራዳ 24
ዓርብ ጠዋት 5:02

ለመርማሪው ትንሽ ነገር ጨበጥ አድርጉለትና ልጁ ማታ ቤቱ ይገባል። ይህ ሁሉ አንቀጽ ምን ያደርጋል?


ልደታ በር
ዓርብ ጠዋት 5:20

አራዳ 24፣ ይህን ምክር ለማንም አትስጥ። ጉቦ የተቀበለ ብቻ ሳይሆን የሰጠም ይቀጣል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሁለቱንም ይመለከታል። በቀላል ድብደባ የተያዘን ልጅ ቤተሰብ ወደ ባሰ ወንጀል እያስገባህ ነው። ሌላም ነገር አለ። ዛሬ የከፈልከው ብር ነገ ለሌላ እናት ዋጋ ይሆንባታል። መክፈል የማትችለው እናት ልጇ በነጻ የሚፈታበትን በር አንተ ዘጋህባት።

ለሜክሲኮ አደባባይ። በአክስትህ ልጅ ላይ የደረሰው ያናድደኛል። በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 ለአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ አይሰጥም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ገደብ አላስቀመጠም። ቀዳዳው እዚያ ነው። ይሁንና ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) ላይ ፍርድ ቤቱ ለምርመራ የሚፈቅደው ጊዜ አስፈላጊ የሆነውን ያህል ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል። ችሎት ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሁሉም ተጠርጣሪ ሊያውቀው ይገባል። «ባለፈው በተሰጣችሁ ቀጠሮ ምን ሠራችሁ?» ይህ ጥያቄ ከተጠየቀና መዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ መርማሪው በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዞ መምጣት ይከብደዋል። ማንም ካልጠየቀ ግን ዳኛው ፊት የሚሰማው የፖሊስ ድምፅ ብቻ ነው።

ስለ አስቸኳይ ጊዜም አልሸፍንም። በአንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አለ። አንቀጽ 19 የለም። ይህ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ላይ ለተያዘው ለዚህ ልጅ አንቀጽ 19 ሙሉ በሙሉ ይሠራል።


ጡረታ የወጣሁ ፖሊስ
ዓርብ ቀን 7:10

ልጆቼ፣ በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ነው የጨረስኩት። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው። ጣቢያ ውስጥ ነገር እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ።

ሰው ሲያዝ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ስም፣ ሰዓት፣ ማን እንዳመጣው። ያቺን መስመር ማንም ሊያጠፋት አይፈልግም፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ተከታታይ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ስትሄጂ «ወንድሜን ፍቱልኝ» ከማለትሽ በፊት «በስንት ሰዓት ነው የተመዘገበው?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን የሚጠይቅ ቤተሰብ ሲመጣ ተረኛው ይነቃል። እንደ ሌላ ጊዜ በመስኮት አይመልስሽም።

«መርማሪው ወጥቷል» የተባልሽው ውሸት ላይሆን ይችላል። አንድ መርማሪ የብዙ ሰው ፋይል ይይዛል። ግን መርማሪ ቢወጣም የጣቢያው ኃላፊ ወይም የምርመራ ኃላፊው አለ። ከመስኮቱ አልፈሽ እሱን ጠይቂ። በአክብሮት፣ ግን ሳትፈሪ።

ፖሊስንም በአንድ ወገን አትዩት። ስንት ጊዜ ነው ሌባ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ምስክር ጠፍቶ የተለቀቀው? መቶ ሰው ከቦ ያያል። ባጅ ያደረግክ ሰው ቀርበህ «ያየኸውን ንገረኝ» ስትለው መቶውም ይበተናል። የቀረው ተበዳዩ ብቻ ነው። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚለው ነገር ጎድቶናል። ሰዉ ሕግ የለም ይላል፤ ሕጉ እንዲቆም ግን አንድ ቀን ጠዋት ሥራውን ትቶ ችሎት አይመጣም።

በመጨረሻ የማይከፋችሁ ከሆነ፣ የሱቁ ልጅ ቤተሰብ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ። ቅንድቡ የተፈነከተውም የሰው ልጅ ነው። የሕክምናውን ወጪ ጠይቁ።


ልደታ በር
ዓርብ ቀን 7:25

ጋሼ የመጨረሻው ምክርዎ ትልቅ ነው፣ በሕጉም ቦታ አለው። ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ ከሚታዩት ወገን ነው። ተበዳዩ ከልቡ ታርቆ አቤቱታውን ካነሳ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ሽማግሌ ሲላክ ግን ለማስፈራራት እንዳይሆን። የተፈነከተው ልጅም ሙሉ መብት ያለው ዜጋ ነው፤ አልታረቅም ቢል መብቱ ነው።


ቡና ከካዛንቺስ
ዓርብ ማታ 2:30

ስለ ምስክር የተጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት እዚያ ቡና አፍልቼ እሸጥ ነበር። ጋሼ «ሰዉ ይበተናል» አሉ። እውነት ነው። ግን ለምን እንደሚበተን የሚኖርበት ሰው ይንገራችሁ።

አንድ ማታ ከፊት ለፊቴ ታክሲ የምትጠብቅ ልጅ ቦርሳዋን ተነጠቀች። ነጣቂውን በደንብ አይቼዋለሁ፤ ጀበናዬን ረግጦ ነው ያለፈው። ፖሊስ ሁለት ወጣቶችን ያዘ። አንደኛው እሱ ነው። ሁለተኛው ግን ከአውቶብስ ፌርማታው ሲሮጥ የተያዘ ልጅ ነበር፤ የሮጠው ሰው ሲሮጥ ስላየ ነው። መጥሪያ ሲመጣልኝ ባለቤቴ «እምቢ በይ» አለኝ። የሌባው ወንድሞች እኛ ሰፈር ይኖራሉ። ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእነሱ ደጅ ነው። ፍርሃቴ ከንቱ አልነበረም።

ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ጎኔ የተከሳሹ እናት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላለች። ችሎት አስከባሪው ስም ይጠራል፣ እኛ አልተጠራንም። ሌላው ምስክር ስላልመጣ ተቀጠረ ተባለ። ያን ቀን ቡና አልሸጥኩም። ማንም የቀኔን አልከፈለኝም። በሌላው ቀጠሮ ተጠራሁ። እጄን አንስቼ ማልኩ። ዳኛው ረጋ ብለው «ያየሽውን ብቻ፣ የሰማሽውን ሳይሆን» አሉኝ። የነጠቀውን አሳየሁ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ልጅ ዞሬ «ይኼኛው አልነበረም» አልኩ። ልጁ ጉልበቱ ከዳው፣ ፖሊሱ ደገፈው።

ያቺ ቃል ባትኖር ያ ልጅ ምን ይሆን ነበር? ስለዚህ ምስክርነት ሰው ለማሳሰር ብቻ አይምሰላችሁ። የንጹሑ ሰው መብትም እኛ አፍ ላይ ነው ያለው። ግን እባካችሁ፣ ምስክር ላልሆነ ሰው «ፈሪ» አትበሉት። የቀኑን እንጀራ የሚያጣ፣ ከተከሳሽ ጋር አንድ ቧንቧ የሚቀዳ ሰው ነው። እኔን ያስቻለኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት፤ አብራኝ ሄዳ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሰው ብቻውን እንዳይሆን ማድረግም ግዴታችን ነው።


ስድስት ኪሎ ተማሪ
ዓርብ ማታ 3:05

እናቴ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሕግ ተማሪ ነኝ። ለሜክሲኮ አደባባይ አንድ ነገር ልመልስ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው በእርግጥም የተጻፈ ሕግ ነበር። የ1923ቱ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የተሰጠ ነበር፤ የንጉሡ ክብር የማይደፈር ነው ይላል። በ1948 ተሻሻለ፣ በ1979 የደርግ ዘመን ሕገ መንግሥት ወጣ፣ ከዚያ ኅዳር 29 ቀን 1987 ይህ የአሁኑ ጸደቀ። የአሁኑ አንቀጽ 12 ማንኛውም ባለሥልጣን ኃላፊነቱን ካጓደለ ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ከዚያ ተረት በጣም የራቀ ቃል ነው።

ግን እኔን የያዘኝ አንቀጽ 9(2) ነው። ሕገ መንግሥቱን የማስከበር ኃላፊነት ያለባቸውን ሲዘረዝር የመጀመሪያው ቃል «ማንኛውም ዜጋ» ነው። ከመንግሥት አካላት በፊት፣ ከፓርቲዎች በፊት። ቡና ከካዛንቺስ ችሎት ቆመው «ይኼኛው አልነበረም» ያሉት ይህንን አንቀጽ ሲፈጽሙ ነው። አንቀጹን ማንበብ አላስፈለጋቸውም።


ሜክሲኮ አደባባይ
ዓርብ ማታ 3:30

ተማሪው፣ «ዜጋ» ቀድሞ መጻፉ ደስ ይላል። ግን መብቱ ሲጣስ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው? ፍርድ ቤት አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የፖለቲካ ሰዎች የተቀመጡበት ቤት። ዜጋው ግዴታው ላይ ቀዳሚ፣ ዳኝነቱ ላይ ግን ሩቅ አይመስልህም?


ስድስት ኪሎ ተማሪ
ዓርብ ማታ 3:50

ይመስለኛል። ክፍል ውስጥም በዚህ እንከራከራለን። ትርጉሙ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ የሚያማክረው ደግሞ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤው 11 አባላት አሉት። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ደግሞ ከራሱ ከምክር ቤቱ። በ2012 ምርጫው ሲራዘም ጉባኤው የባለሙያ ክርክር በቴሌቪዥን አሰምቶ ነበር፤ እኔ ያኔ ነው ሕግ ለመማር የወሰንኩት። ሥርዓቱ ለፍርድ ቤት ቢሰጥ ይሻላል የሚሉ ብዙ ምሁራን አሉ። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ግን ይህ የእህታችንን ጉዳይ አይነካም። በ48 ሰዓት መቅረብ ትርጉም የሚያሻው ነገር አይደለም። አንቀጽ 13 የሰብአዊ መብት ምዕራፉን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በየደረጃው ባለ አካል ሁሉ ላይ ጥሏል። ተረኛው ፖሊስም፣ የአራዳው ዳኛም ውስጡ ናቸው። ማንም ምክር ቤት መጠበቅ የለበትም።


ሜክሲኮ አደባባይ
ዓርብ ማታ 4:05

በዚህ እስማማለሁ። ልጅቷ ነገ ጣቢያ ስትሄድ ሰው ከፈለገች እኔ ቅርብ ነኝ። ማመልከቻው ላይ እንደ ምስክር እፈርምላታለሁ። አያቴ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ትል ነበር። የአክስቴ ልጅ ጊዜ ያቃጠለኝ እሱ ነው። መታሰሩ አይደለም፤ ማንም ምንም ሳይጠይቅ መታሰሩ።


ልደታ በር
ዓርብ ማታ 4:20

ጠበቃ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በወንጀል ተከሰው አቅም ለሌላቸው ተከላካይ ጠበቃ በመንግሥት ይቆማል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ካለ ይላል። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ይረዳል። የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ አላቸው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል።


የእሪ በከንቱ ልጅ
ቅዳሜ ማታ 2:00

ወንድሜ ተፈቷል። እናንተን ሳላመሰግን መተኛት አልቻልኩም።

ማመልከቻውን ትናንት ማታ በእጄ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ራሱ በሩ ላይ ጠበቀኝ፤ እግዜር ይስጠው። ጋሼ እንዳሉኝ መጀመሪያ «በስንት ሰዓት ነው የተመዘገበው?» ብዬ ጠየቅኩ። ተረኛው ሌላ ሰው ነበር። መዝገቡን ገልጦ አየና «ሐሙስ ማታ 1:20» አለ። ወንድሜን 1 ሰዓት ነው የያዙት፣ ሃያ ደቂቃው መንገድ ይሁን። የምርመራ ኃላፊው ዘንድ አስገቡን። ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበበው። ኮፒዬ ላይ ፈረመልኝ። «ዋስ ጥሩ» አለን።

ዋስ ነበር የከበደን። ከዘመድ አንዱ «መታወቂያዬ አልታደሰም» አለ። ሌላው ስልክ አላነሳም። በመጨረሻ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ መታወቂያቸውን ይዘው መጡ። ከመፈረማቸው በፊት ወንድሜን አስጠርተው ፊት ለፊት «አንተ ብትጠፋ እኔ ነኝ የምከፍለው፤ ታውቃለህ?» አሉት። «አውቃለሁ ጋሼ» አለ። ፈረሙ። ጣቢያው የሚቀርብበትን ቀን ሰጠው።

ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች ወደ ሱቁ ልጅ ቤተሰብ ይሄዳሉ። እማዬ ለሕክምናው ብላ ብር አዘጋጅታለች።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ስለ ዋሱ ስለ ጋሼ። ወንድሜ ባልታሰበ ነገር ቢቀር ንብረታቸው ሊነካ ይችላል ወይ? ሽማግሌ ናቸው፣ ላስጨንቃቸው አልፈልግም።


ልደታ በር
ቅዳሜ ማታ 2:40

እንኳን ደስ አላችሁ።

ዋስ የሚጠየቀው በፈረመው ሰነድ ላይ በሰፈረው የገንዘብ ልክ ነው። ከዚያ በላይ አይሄድም። ወንድምሽ በታመመ ወይም አስገዳጅ ነገር በገጠመው ጊዜ ከቀጠሮው በፊት ያሳውቅ፣ ማስረጃ ያቅርብ። ዝም ብሎ መቅረት ነው አደጋው። ጋሼ ወደፊት ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ከዋስነት ልውረድ ብለው ማመልከት ይችላሉ፤ ያኔ ወንድምሽ ሌላ ዋስ መጥራት ይኖርበታል። የፈረሙትን ሰነድ ኮፒ ያስቀምጡ። እርሳቸው ያደረጉት ነገር ብዙ ሰው የሚሸሸው ነው። አንድ የታወቀ ሰው ስሙን ካላስያዘ የዋስ መብት ለድሃ ልጅ አይደርሰውም።


የእሪ በከንቱ ልጅ
ቅዳሜ ማታ 3:15

ይቺን ላክልና እጨርሳለሁ። ያቺ ዓይኗን መሬት የተከለችው ልጅ ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። ቁጥሬን ትቼላት ነበር። «አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ያነቀው እሱ ነው፤ ግን ቀጣሪዬ ፍርድ ቤት ከሄድሽ ደሞዝ እቆርጣለሁ ብሎኛል» አለችኝ። ዕርቁ ካልተሳካ ትመሰክራለች። ምን ልበላት?


ልደታ በር
ቅዳሜ ማታ 3:40

መጀመሪያ መጥሪያ እስኪደርሳት ትጠብቅ። በቃል ከሄደች ቀጣሪው «የራሷ ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። መጥሪያው ሲደርሳት ኮፒውን ለቀጣሪው ትስጥ፣ መቀበሉን ያስፈርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ የዜግነት መብቱን ለመጠቀም ወይም ግዴታውን ለመወጣት ሲሄድ ለዚያ ለሚወስድበት ጊዜ ብቻ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጠው ያዛል። መጥሪያ ደርሶት ለምስክርነት ችሎት መቆም የዜግነት ግዴታ ነው። ደሞዟን የሚቆርጥበት ምክንያት የለውም። ችሎት ቀርባ እንደነበር የሚያሳይ ማረጋገጫ ከፍርድ ቤቱ ትጠይቅና ስትመለስ ትስጠው። ቆርጦባት ከተገኘ ወደ እኔ ላኪያት፣ ማመልከቻውን በነጻ እጽፍላታለሁ።


ቡና ከካዛንቺስ
ቅዳሜ ማታ 4:10

ልጄ፣ የቀጠሮው ቀን ሲታወቅ እዚህ ጻፊ። ያቺ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን አትቀመጥም፤ እኔ እመጣለሁ።